ያነጣሁት ዓይን

የሰው ዓይን ነጭ አይደለም። አንዱ ቀይ ክር ይበዛበታል፣ አንዱ ጭስ ውስጥ የከረመ ይመስላል፣ ሌላው ወደ ቡኒ ይሄዳል። ነጭ የሚባለውን ዓይን የምናየው ፎቶ ላይ ብቻ ነው፤ ፎቶ ላይ ያለውን ደግሞ የማነጣው እኔ ነኝ። የምሠራው ፎቶ ቤት ነው። ባለቤቱ ጋሼ ከፊት ባለው ክፍል ሰው አስቀምጠው «አገጭ ዝቅ፣ ትከሻ ቀና» እያሉ ያነሳሉ፤ እኔ ከመጋረጃው ጀርባ፣ መስኮት በሌላት ጓዳ፣ ኮምፒውተር ላይ ተጥጄ ጉርድ ፎቶ አሳምራለሁ። መጀመሪያ ብርሃን፣ ከዚያ ብጉር፣ ከዚያ የዓይን ሥር ጥቁረት፣ መጨረሻ ላይ ዓይን። በቀን አርባ ፊት ሲሆን እጅ ራሱ ይሄዳል። ሐሳቤ ሌላ ቦታ ሆኖ ጣቴ ሥራውን ጨርሶ ይጠብቀኛል።

የዚህ ሥራ ጣጣው ቤት ድረስ መከተሉ ነው። ሰው ሳናግር ዓይኔ ጉድለቱ ላይ ያርፋል። ባለቤቴ የከባድ መኪና ሾፌር ስለሆነ የማገኘው በወር አንዴ ነው፤ ሲመጣ ገና በሩ ላይ ቆሞ «ጨርሺና ልግባ፤ ዛሬ ደግሞ ምን አገኘሽብኝ?» ይለኛል። ስለዚህ አንድ ሰኞ ጠዋት የልጄ ዓይን ቢጫ ሆኖ ሲታየኝ የሚያምነኝ ሰው ማጣቴ አይገርምም። እኔም ራሴን በደንብ አላመንኩም።

ልጄን እሜቴ ነው የምንላት። ከተወለደች ጀምሮ ግንባሯን ቋጥራ፣ አንድ ነገር ያጎደልንባት ይመስል ዙሪያዋን ትገላምጥ ነበር። አባቷ ይህን አይቶ «እሜቴ ምን ልታዘዝ?» አላት፤ ስሙ በዚያው ጸና። እስከ ዛሬ በአንቱታ ነው የምናናግራት። አምስት ወር ሲሞላት ክብደቷ ቆመ፣ ከዚያ ወደ ኋላ ሄደ። ስትተኛ ትራሷ በላብ ይርሳል። ሳሏ ትንሽና ደረቅ ነበር። ሆስፒታል ወስደናት፣ ተመላልሰን ተመርምራ፣ ቲቢ ነው ተባለ።

የልጆች ቲቢ ክፍል ነርሷ፣ ሲስተር ነው የምንላት፣ «ቤት ውስጥ የሚያስል ሰው አለ?» ብላ ስትጠይቅ አማቴ፣ የባለቤቴ እናት፣ እንደ ተማሪ እጃቸውን አወጡ።

አማቴ ከሁለት ዓመት በፊት በዚሁ በሽታ መድኃኒት ጀምረው ነበር። ሳሉ ሲለቃቸው፣ ጉልበታቸው ሲመለስ፣ በሁለተኛው ወር በቃኝ ብለው ተዉት። ለልጃቸውም ለእኔም አልተነፈሱም። እሜቴ ስትወለድ ሊያግዙኝ መጡ፤ ያቺን ልጅ ቀን ሙሉ ደረታቸው ላይ አስተኝተው ነው ያሳደጓት። ያን ዕለት ከሆስፒታሉ ስንወጣ መንገድ ላይ ቆሙና «እኔ ነኝ። በገዛ ትንፋሼ» አሉኝ። እውነቱን ለመናገር፣ በዚያ ሰዓት አልራራሁላቸውም።

ሲስተር በመጀመሪያው ቀን ብዙ ነገር ነግራናለች። ሽንቷ ብርቱካንማ ይሆናል፣ እንባዋም እንዲሁ፤ የመድኃኒቱ ቀለም ስለሆነ አትደንግጡ። የዓይኗ ነጩ ቢጫ ከሆነ ግን፣ ደጋግሞ ካስመለሳት፣ ጡት እምቢ ካለች፣ ጉበቷን ነክቶት ሊሆን ስለሚችል ወዲያው ንገሩኝ። ከዚህ ውጪ በምንም ምክንያት እንዳታቋርጡ። እኔ ሁሉንም ሰማሁ። አማቴ የሰሙት የመጨረሻዋን ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲህ የቤቱ አዛዥ እሳቸው ሆኑ። ቤት ስል አንድ ክፍል ነው። የእኔና የእሜቴ አልጋ፣ የእሳቸው ፍራሽ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ የሚቀጥለውን ቤት ግድግዳ የሚያይ አንድ መስኮት። እጄን ብዘረጋ ግድግዳውን እነካዋለሁ። አየር ይግባ ስለተባለ መስኮቱ ቀን ከሌት ክፍት ነው፤ አየሩም ይገባል፣ የእኛም ወሬ ይወጣል። ለጎረቤት «ጉንፋን ነው» ብለናል። ቲቢ መሆኑ ቢታወቅ በማግስቱ ቤት ልቀቁ መባላችን አይቀርም። ስለዚህ ስንጣላ በሹክሹክታ ነው። በሹክሹክታ መጣላት ምን ያህል እንደሚያንገበግብ ያልሞከረው ሰው አያውቀውም። አንጀቱ እያረረ አፉ «እሺ እማማ» የሚል ሰው ሆኜ አምስት ሳምንት ኖርኩ።

በየቀኑ ሦስት ሰዓት ሲሆን፣ እኔ ሥራ ከገባሁ በኋላ፣ አማቴ መጀመሪያ እንደገና የጀመሩትን የራሳቸውን ክኒን ይውጣሉ። ከዚያ የእሜቴን ክኒኖች በማንኪያ ውሃ ያሟሙና ጉንጯን በሁለት ጣት ያዝ አድርገው ያጠጧታል። ትተፋለች፣ ትጮሃለች፣ እሳቸው አገጯ ላይ የቀረውን ሳይቀር በማንኪያው ጠርገው ይመልሱላታል። ከጨረሱ በኋላ ግድግዳው ላይ ያለውን ቀን መቁጠሪያ በእስክሪብቶ ይሰርዛሉ። አንድ ቀን አልተዘለለም፤ አንድ ሰዓት አልዘገየም።

እንግዲህ ያን ሰኞ እሜቴን ጡት ላጠባት ሳቅፋት ዓይኗ ሌላ ሆኖ ታየኝ። ወደ መስኮቱ ወሰድኳት። እንባዋ ብርቱካንማ መሆኑን ለምጄዋለሁ፤ ይህ ግን እንባ አልነበረም። ነጩ ራሱ ነው፣ ጥግ ጥጉ ላይ፣ የቆየ ወረቀት ዓይነት ቢጫ።

«እማማ፣ ዓይኗን እስቲ ይዩልኝ።»

መጥተው አዩ። «አምፖሉ ነው» አሉ።

«አምፖሉ ጠፍቷል።»

«እንግዲያው መድኃኒቱ ነዋ! ሽንቷስ ብርቱካን አይደለም? ሲስተር አትደንግጡ አላለችም?»

«ለሽንቷ ነው ያለችው። ዓይኗ ቢጫ ከሆነ ንገሩኝ ብላለች። ዛሬ አንድ ቀን ብቻ ብናሳልፋትና…»

ሹክሹክታቸው ራሱ ተንቀጠቀጠ። «አንድ ቀን? እኔም አንድ ቀን ብዬ ነው የጀመርኩት። ከአንድ ቀን ሁለት ቀን፣ ከዚያ ይኸው! ውጤቱን ታቅፈሻታል። እኔ በቁሜ እያለሁ አታቋርጪባትም።»

እሳቸውም እውነት አላቸው። ብትተዪው ሳንባዋን፣ ብትሰጪያት ጉበቷን። የቲቢ ክፍሉ የሚከፈተው ሐሙስ ሐሙስ ነው፤ እኔ ደግሞ በዚያ ወር ሦስት ቀን ቀርቼ ጋሼ አራተኛ ካለ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ ብለውኛል። «በቃ ፎቶ አንስቼ ለሲስተር እልካለሁ፤ እሷ ትፍረድ» አልኩ። አማቴም ተስማሙ። ዓይኗን በጣቴ ከፈት አድርጌ በስልኬ አነሳሁና ወደ ሥራ ሮጥኩ።

ፎቶ ቤት ደርሼ ሳየው ፎቶው ጨለም ብሏል፤ ግማሹ የእኔ አውራ ጣት ነው። እንዲህ ዓይነት ፎቶ ለሐኪም አይላክም ብዬ ወደ ኮምፒውተሩ አሳለፍኩት። ከፊት ለፊት ጋሼ «ሁለት ሰው ቆሟል፣ ቶሎ በይ!» እያሉ ይጮሃሉ። ሁለት ጉርድ ፎቶ ከፈትኩ፣ የእሜቴንም ከጎናቸው ከፈትኩ፤ ጣቴን ቆርጬ አወጣሁ፣ ብርሃን ጨመርኩ፣ ሦስቱንም ጨርሼ የደንበኞቹን ለማተም፣ የልጄን ለሲስተር ላክሁ። ሐሳቤ ያለው ቤት ነው፣ ሦስት ሰዓት ሊሆን አሥር ደቂቃ ሲቀረው ማንኪያ የሚያዘጋጁት አማቴ ዘንድ። ጣቴ ምን እንደሠራ አላየሁም።

ሲስተር ወዲያው መለሰች። «አየሁት፤ ዓይኗ ንፁህ ነው። እንዳታቋርጡ። ሐሙስ እንገናኝ።»

የላክሁትን መልሼ ከፍቼ አየሁት። እውነትም ነጭ ነው። ፎቶ አይዋሽም አልኩ፤ በቀን አርባ ጊዜ የማስዋሸው እኔ! እንዲያውም ሳቅ መጣብኝ፤ የሰው ጉድለት ስለቅም ውዬ ልጄ ላይም ጀመርኩ ብዬ። ለአማቴ ደወልኩላቸውና «ይስጧት፣ ደህና ናት ተብሏል» አልኳቸው። በራሴ አፍ።

ማክሰኞ እሜቴ አስመለሳት። ሲስተር መድኃኒቱን እንደወሰደች ካስመለሳት ድገሙላት ብላ ስለነበር አማቴ ደገሙላት። ረቡዕ ጡት ይዛ ሁለቴ ስባ ትታ አንገቷን አዞረች። ያቺ ተቆጪ ልጅ ቁጣዋ ጠፋ፤ አስቀመጥኳት፣ ተቀመጠች፤ አስተኛኋት፣ ተኛች። ዳይፐሯን ስቀይር ካካዋ ነጣ ያለ፣ እርጥብ አመድ የመሰለ ነው።

«እማማ፣ ይህ ነገር ደህና አይደለም። ነገ ሲስተር እስክታያት እንተወው።»

አማቴ ስልኬን ከጠረጴዛው ላይ አንስተው ሰጡኝ። «አንብቢልኝ። ምን አለች?»

አነበብኩላቸው። ንፁህ ነው፣ እንዳታቋርጡ። የገዛ ፎቶዬ አፌን ዘጋው። ለባለቤቴ ደወልኩለት፤ ከሞተሩ ጩኸት ጋር እየታገለ «ሲስተር ካለች እኮ አለቀ፣ አንቺ ደግሞ አታጋንኚ» አለኝ። መስኮቱ ጋ ሄጄ ያንን ግድግዳ ሳይ ቆየሁ። ግድግዳ ነው፤ ምንም የለበትም።

ሐሙስ ከአማቴ ጋር በአራት ሰዓት ሆስፒታል ልንገናኝ ተቀጣጠርን። እኔ አስቀድሜ ፎቶ ቤት ገብቼ ጋሼን ፈቃድ ልጠይቅና የሳምንቱን ሥራ ላስረክብ ነበር። ኮምፒውተሩን ከፍቼ የሰኞን ሥራ ስፈልግ የእሜቴ ፎቶ ሁለት ቦታ ተቀምጦ አገኘሁት። አንዱ ከስልኬ ያሳለፍኩት፣ አንዱ የላክሁት። ጎን ለጎን ከፈትኳቸው።

የመጀመሪያው ላይ ዓይኗ ቢጫ ነው። ሁለተኛው ላይ ነጭ ነው፤ ንፁህ፣ አንድ ቀይ ክር እንኳ የሌለበት። የዓይኗ ሥርም ጠርቷል። ቆዳዋ ሳይቀር ተስተካክሏል። የእኔ እጅ ሥራ ነው፤ ከሺህ ፎቶ መሃል ብትደብቁት እለየዋለሁ።

ሰዓቱ ለሦስት ሩብ ጉዳይ ነበር። አማቴ ጋ ደወልኩ፤ አያነሱም። ለጋሼ ምን እንዳልኳቸው አላስታውስም። እየሮጥኩ ሦስት ጊዜ ደወልኩ፤ መድኃኒት ሲሰጡ እንዳትደነግጥ ስልካቸውን ድምፁን እንደሚያጠፉት አውቃለሁ። በሩን ስበረግደው አማቴ እሜቴን ጭናቸው ላይ አጋድመዋታል፣ ማንኪያው ከንፈሯ ላይ ደርሷል። በእጄ መታሁት። ማንኪያው ግድግዳውን መትቶ ወደቀ፣ ብርቱካናማው ውሃ ልብሳቸው ላይ ፈሰሰ።

«አብደሻል?» አሉኝ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ጮክ ብለው። ጎረቤት ሁሉ ሰማ።

«ይነሱ፣ አሁኑኑ እንሂድ» አልኩ። ምክንያቱን አልነገርኳቸውም።

ሲስተር የእሜቴን ዓይን ከፈት አድርጋ አየችና ፊቷ ተለወጠ። ወጥታ ዶክተሩን ይዛው መጣች። ሆዷን በጣቶቹ ጫን ጫን አደረገ፣ ደም ታዘዘ፣ ውጤቱ እስኪመጣ ያቺ ጠባብ ክፍል ውስጥ አራት አዋቂና አንዲት ልጅ ተፋፍገን ቆየን። ወረቀቱ ሲመጣ ዶክተሩ «ጉበቷ በጣም ተጎድቷል» አለ።

«ሰኞ እንዲህ ነበረች» አለች ሲስተር፣ ስልኳን እያሳየችው። ድምጿ ተሰባብሯል። «ንፁህ ነው ያልኩት እኔ ነኝ።»

«የለም፣ እኔ ነኝ» አሉ አማቴ። «እናቷ እንተው ብላኝ ነበር። እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት።»

ዶክተሩ ፎቶውን አየ፣ ልጄን አየ፣ እንደገና ፎቶውን አየ። «ሰኞ እንዲህ ከነበረች፣ በሦስት ቀን እዚህ ደረጃ? መድኃኒቱ ብቻ ከሆነ እንዲህ አይፈጥንም። የጉበት ቫይረስ እጠረጥራለሁ።»

«ልዩነት አለው?» አሉ አማቴ።

«አለው እንጂ እማማ። መድኃኒቱን አሁን ለማንኛውም አቆማለሁ። ቫይረስ ከሆነ ሲያልፍላት ሁሉንም አንድ ላይ እመልስላታለሁ፤ ቲቢዋ ጊዜ አይሰጠንም። ጉበቷን የጎዳው መድኃኒቱ ከሆነ ግን አንድ ላይ መመለስ ሊገድላት ይችላል።» ወደ እኔ ዞረ። «እናት፣ ቢጫው መቼ ነው የጀመረው?»

ለጥያቄው መልስ ያለው ሰው በዚያ ክፍል ውስጥ አንድ ብቻ ነበር። ሁለት ሴቶች የእኔን ጥፋት እየተሻሙ ቆመዋል። ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም፤ ዋናውን ፎቶ ማጥፋት የአንድ ጣት ሥራ ነው። ሐፍረት ይዞኛል፤ መውጪያው በር ከአንድ እርምጃ ባነሰ ርቀት ላይ ነው፣ መውጣት ግን አይቻልም፤ ልጄ አልጋው ላይ ናት። ዝም ብል የሚገድላት የእኔ ዝምታ ነው።

«ፎቶው ውሸት ነው» አልኩ። «ሰኞም ቢጫ ነበር። ያነጣሁት እኔ ነኝ።»

ማንም አልገባውም። ስልኬ ላይ ያለውን ዋናውን አውጥቼ ሰጠሁ። ፎቶ ቤት እንደምሠራ፣ ሳላውቀው በልማድ እንዳደረግኩት ለመንገር ሞከርኩ፤ ስናገረው ለራሴም ተረት መሰለኝ። ሲስተር እጇን አፏ ላይ ጫነች። ዶክተሩ ሳይቆጣኝ ወረቀቱ ላይ የጻፈውን ሰረዘና ሌላ ጻፈ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

አማቴ ኮሪደሩ ላይ ስንወጣ ነው የተናገሩት። ልብሳቸው ላይ ያ ብርቱካናማ እድፍ ደርቋል። «ሦስት ቀን» አሉ። «ሦስት ቀን በእኔ እጅ አጠጣሻት።»

ይቅርታ ልል ነበር፤ አፌ ላይ ሲደርስ ትንሽ ሆነብኝና ዋጥኩት።

ሆስፒታሉ ውስጥ ሃያ ሁለት ቀን ተኛን። ጋሼ ሌላ ሰው ቀጠሩ፤ አልፈረድኩባቸውም። አማቴ በየቀኑ ይመጣሉ፤ «አስመለሳት? ሸናች? ጠባች?» ይሉኛል፣ እመልሳለሁ፣ ሌላ ቃል የለም። ዓይኗን ግን አይጠይቁኝም። ራሳቸው አቅፈዋት ወደ መስኮቱ ይሄዳሉ፣ የዓይኗን ቆብ ከፍተው ያያሉ፣ ከዚያ ሌላ ሰው ጠርተው ያሳያሉ። አንድ ቀን አጠገባችን ለተኛ ልጅ እናት «የእናቷ ዓይን አይታመንም፣ እስቲ አንቺ እይልኝ» ሲሏት ሰማሁ። እውነታቸውን ነው።

ቢጫው በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየለቀቀ ሄደ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ሌላ ፍርሃት ተተካ፤ ጉበቷ ሲያርፍ ሳንባዋ ያለ መድኃኒት ነው። በአሥራ አራተኛው ቀን ሳለች። አንድ ሳል ነበረች፣ ትንሽ። አማቴም እኔም እኩል ቀና አልን፣ ከዚያ ወዲያው ሁለታችንም ሌላ ቦታ አየን።

በሃያ ሁለተኛው ቀን ዶክተሩ የደም ውጤቱን ይዞ መጣ። ጉበቷ ተመልሷል። «ዛሬ ከመድኃኒቶቹ በአንዱ እንጀምራለን» አለ። «ከቀናት በኋላ ደም እናያለን፣ ከቻለችው ሁለተኛውን። የጎዳት የትኛው እንደሆነ የምናውቀው በዚህ ነው።» ሊጎዳት የሚችለውን ነገር ሰጥተን ነው የምናውቀው ማለት ነው። ሌላ መንገድ አለ ወይ አልኩት። የለም አለኝ።

ሲስተር ክኒኗን በማንኪያ አሟምታ ለአማቴ ዘረጋች፤ ሰጪዋ እሳቸው መሆናቸውን ስለምታውቅ ነው። አማቴ ሁለት እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ከተቱ። አንድ ቀን እንዳይዘለል ሲሉ ከእኔ ጋር የተናነቁት ሴትዮ ወደ ኋላ አፈገፈጉ። «እኔ አልችልም» አሉ። «እናቷ ትስጣት። እኔ ዓይኗን አያለሁ።»

ማንኪያውን ተቀበልኩ። ጉንጯን ልይዝ፣ ጩኸቷን ልችል ተዘጋጀሁ። ግን በዚያ ሰሞን የምግብ ፍላጎቷ ተመልሶላት ነበር፤ አጥሚት የሚመስል ነገር በማንኪያ ማብላት ጀምረናታል፤ ማንኪያ ስታይ ለእሷ ምግብ ነው። ግንባሯን ቋጠር አድርጋ አየችኝ፣ ልትቆጣኝ መስሎኝ ነበር።

አፏን ከፈተችልኝ። ራሷ፣ ማንም ሳይነካት፣ ሰፋ አድርጋ።

ሰጠኋት።